የጎደለው ሃያ ሴንቲሜትር

ውድ ጋሽ እንድሪያስ፣

ወገብዎ ተሻለዎት? ሔርሜላ ነኝ፣ ከጁባ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈርቻለሁ። አሁን ግን ዝም ማለቱ ይብስ አስፈራኝ።

ሸሪካት ሰፈር ያሠራነውን የሙጂብን ሕንፃ አይረሱትም፤ ወደ አዳማ ከመመለስዎ በፊት የመጨረሻ ሥራዎ ነበር። ለአራት ፎቅ አስልተው የመሠረቱን ውፍረት ስድሳ ሴንቲሜትር አደረጉት። «ጭነቱ ሲበዛ ምሰሶው መሠረቱን በስቶ መውረድ ይፈልጋል። ሸር የምንለው ይኸው ነው፤ የሚይዘው ደግሞ ውፍረቱ ነው» ብለው ሥለው አሳዩኝ።

መሠረቱ በተሞላበት ሳምንት እርስዎ በወባ ተኝተው ነበር። ሲሚንቶም ጠፍቶ ነበር። ፎርማኑ ተካልኝ «አርባ ይበቃል፤ ብረት እጨምርበታለሁ» አለኝ። ብረቱ ውፍረቱን እንደማይተካ አውቅ ነበር። ግን በመሐንዲስነት ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወር ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። አላስቆምኩትም። መዝገቡ ላይም «ስድሳ» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ አምነውኝ ፈረሙ።

ያኔ ሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለቆመ ተጽናናሁ። ዘንድሮ ግን ሙጂብ ቀሪዎቹን ፎቆች ጀመረ። ምድር ወለሉ ላይ ሰዓዳ የምትባል ነጋዴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ጨርቅ ትሸጣለች። «ነይ ቁጭ በይ፣ ሻይ ላስመጣልሽ» ስትለኝ እቀመጣለሁ፤ ዓይኔ ግን ከምሰሶው ግርጌ አይነሳም። ስልኬ በጠራ ቁጥር ወደቀ የሚሉኝ ይመስለኛል።

የሦስተኛው ፎቅ ወለል ሶሌታ ኮንክሪት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ለሙጂብ ነገርኩት።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ቆሟል እኮ» ብሎ ሳቀ።

«አንዱን መሠረት እናስቆፍርና እንለካው» አልኩት።

ተቆፈረ። ሜትሩን ራሱ ያዘ። አርባም አልሞላም፣ ሠላሳ ስምንት ነው። ሙጂብ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን እያወቅሽ ነው ሰዓዳ ጋ ሻይ የምትጠጪው?»



ሥራው ቆመ፤ ከሁለተኛው ፎቅ በላይ የተሠራው እየፈረሰ ነው። ሰዓዳ ዕቃዋን ጭና ቡሉክ ሰፈር ገብታለች። ልሸኛት ሄጄ ሰላም ስላት ልጆቿን ይዛ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሰኞ የመንግሥት አጣሪዎች ይመጣሉ። ንድፉም መዝገቡም ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ስለዚህ ትናንት ቃሌን ጽፌ አስገባሁ፤ እርስዎ ታመው እንደነበር፣ ሐሰቱን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ። የሙያ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ፤ ሊያስሩኝም ይችላሉ።

ይደውሉልዎታል። እባክዎ እኔን ለማዳን ብለው «አውቅ ነበር» እንዳይሏቸው። እንደሚሉ ስለማውቅ ነው ከእስሩ ይልቅ ይህን የምፈራው።

አምነው የፈረሙላት፣
ሔርሜላ