ፈረስ የሌለው ጋሪ

ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ዝናቡ ሳይገባ መጠዝጠዝ ጀመረ ወይስ ዘንድሮ ማረዎት? እማዬስ ዓይኗን ለሐኪም አሳየች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ጅጅጋ ላይ የጎደለብን የለም። ስልክ ላይ ስጮህ እርስዎ ግማሹን አይሰሙኝም፣ ጎረቤቴ ግን ሁሉንም ይሰማል። ስለዚህ ወንድሜ ይሁን ቀስ ብሎ ያንብብልዎ ብዬ በወረቀት መጣሁ። ይሁንዬ፣ አንዲት ቃል እንዳትዘል!

የልጅ ልጅዎ መልአክ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ከፋይሶና ከኢልዋድ ጋር ሮቦት ሠራች። ሮቦት ማለት፣ አባባ፣ በራሱ የሚሄድ ማሽን ነው። የእነሱው አራት ጎማና አንድ ረጅም ክንድ አለው፤ ኳስ ከመሬት አንስቶ ቅርጫት ውስጥ ይከታል። የብዙ አገር ተማሪዎች ናይሮቢ ላይ በዚህ ይወዳደራሉ፤ ማን እንደሚሄድ የሚመርጡት ዳኞች ቅዳሜ ሊመጡ ነበር። መልአክ ሦስት ወር እህል በወጉ አልቀመሰችም። የስፌት መኪናዬን ብሎን እንኳ ፈትታ ወስዳብኛለች።

ሐሙስ ከሰዓት የደንበኛ ቀሚስ መርፌ ስር እንዳለ ፋይሶ ደወለች። «ኤዶ» ነው የምትለኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው። «ኤዶ፣ ጋሪ ተገለበጠ! መልአክ ታለቅሳለች፣ ቶሎ ነይ!» ብላ ዘጋችው። እኔ የጋሪ ነጂ ልጅ ምን ይታየኛል? ልጄ ከጋሪ ስር! በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመላልሰውን ጃማን «ድረስልኝ፣ አብረን እናንሳው» ብዬ ከነአህያው ይዤው ወደ ትምህርት ቤቱ በረርኩ።

ለካስ ፋይሶ በሶማሊኛዋ ነው፤ እነሱ ጋሪ የሚሉት መኪናን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሰማሁትን ቃል ድንጋጤ አስረሳኝ። መኪና ያለችውም ባለ ጎማውን ሮቦት ነበር፤ ኳስ ባነሳ ቁጥር በአፍንጫው ይደፋል። ልጆቹ አህያውን ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ። መልአክ ብቻ «እማዬ፣ ደግሞ አህያ ይዘሽ መጣሽ?» አለችኝ፣ እንባዋ ሳይደርቅ።

እኔ ግን ሮቦቱን ሳየው ያ ከባድ ባትሪው ከክንዱ ጋር ፊት ላይ ተጭኗል። ያን ጊዜ የእርስዎ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ «ከፊት ያበዛ ፈረሱን ያስጨንቃል፣ ከኋላ ያበዛ ፈረሱን ይሰቅላል» ይሉ አልነበር? ባትሪውን ወደ ኋላ ውሰዱት አልኳቸው። ጃማም «ጀሪካኑን ሁሉ ፊት ላይ ብደረድር አህያዬ ይንበረከካል። ይህንን ለማወቅ ኮምፒውተር ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎ አሾፈባቸው። መልአክ አፍንጫዋን ጠርጋ ብሎኑን ፈታች። ሮቦቱ ኳሱን አነሳ፤ ቆመ፤ ንቅንቅ አላለም! እልልታዬን ሳቀልጠው አህያውም አናፋ።

ቅዳሜ አንደኛው ዳኛ ባትሪውን ለምን ከኋላ እንዳደረጉት ጠየቀ። ሰው ስለ አያቷ ሲጠይቃት «ትራንስፖርት ላይ ነበር» እያለች የምታድበሰብሰው መልአክ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «አያቴ ዝዋይ ላይ ጋሪ ነጂ ነበር። ጭነት ማመዛዘን የእሱ ትምህርት ነው» አለች። ዳኛው ጻፈው፣ አባባ። በዓይኔ አየሁ፣ ጻፈው። ናይሮቢ የሚሄዱት እነሱ ሆኑ! ሮቦቱ ጎን ላይም በነጭ ቀለም «ጋሪ» ብለው ጽፈውበታል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ይሁንን፣ ሚስቱንና ልጆቹን በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። ጡረታ የወጣው ፈረስዎ ዳማም እንዳይቀርብኝ፤ አንገቱን እሹልኝና ናይሮቢ የሚሄድ ዘመድ አለህ በሉት።

ልጅዎ ቀለምወርቅ
ጅጅጋ፣ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.