ትናንትን የማይሠራው አናጢ

ልጄ፣ ያለህበት አገር ይቀበልህ፤ በሄድህበት ሁሉ ሞገስ ይቅደምህ። እኛ ደህና ነን፤ ከጉልበቴ በቀር ሁሉም ይታዘዘኛል።

አባትህ ግን ጉድ አፈላልህ! ለእንጨት ነጋዴው ባለበት ዕዳ የኪሳራ ማስጠንቀቂያ መጣበት፤ በተባለው ቀን ካልከፈለ ወርክሾፑ ሊታሸግ ነው። ወረቀቱ እጃችን የገባው ግን የመክፈያው ቀን ባለፈ ማግስት ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ ትንፍሽ ያላለው ሰውዬ ችሎት ፊት ቆሞ፣ «ክቡር ዳኛ፣ እኔ ወንበር እሠራለሁ እንጂ ትናንትን አልሠራም» አይልም መሰለህ? ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ማስጠንቀቂያው በሕግ ዋጋ የለውም ብለው ሻሩት። አንገቴ አንድ ክንድ ረዘመ!

ዕዳው እንዳለ ነው፤ ቀስ እያለ ይከፍላል። ክፉ ወሬ ደጅህን አይርገጠው። አደራ፣ ስትደውልለት ስለ ዕዳው አታንሳበት፤ «የዳኛው ወንበር እንዴት ነበር?» ብቻ በለው። ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰምቶ፣ ካልጠገንኩት ሲል ከችሎቱ ጎትቼ ነው ያወጣሁት።