እህል ሳትቀምስ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ? ያ ባለቤትሽ ጉልበቱን ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ ባየ ቁጥር ይራገማል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ፀጋ ሁለት ጥርስ አውጥታ እኔ ላይ ትለማመድበታለች። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሉታል እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ የአማቴ የእማማ ወለተ ገብርኤል ጆሮ ደግሞ ገበያ ማዶ የተንሾካሾኩትን ይሰማል። ስለዚህ ወልድያ ለሚመላለሰው ሾፌር ሰጥቼልሻለሁ።

ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ ያልሽኝን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ልብሴንም አጥቤ ሸክፌ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አማቴ አታክተውኛል። አብሮት የተሰደደው ገብረ አምላክ ከየመን ደውሎ ባሌ ሰማኸኝ ባሕር ላይ መቅረቱን ከነገረኝ ከግንቦት ወዲህ፣ እሳቸው እንዳይሰሙብኝ ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ ብቻ ነው የማለቅሰው። እኔ እንዲህ በሆዴ ይዤላቸው፣ እሳቸው የልጃቸውን ስም አያነሱም። ደወለ ወይ ብለው እንኳ አይጠይቁም። የእናት ሆድ እንዲህ ይጨክናል? እያልኩ እታዘባቸው ነበር። በዚያ ላይ በየማለዳው፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ተነሽና ብይ ይሉኛል። ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ! እሳቸው ፍልሰታን ውኃ ሳይቀምሱ ሲውሉ፣ እኔን የምታጠባ ሴት ጾም የለባትም ብለው በግድ ያጎርሱኛል።

ነሐሴ ላይማ ተጣልተን ልናድር ነበር። ራስሽን ቅቤ ተቀቢና ሻደይ ልትጨፍሪ ውረጂ፣ ወጣት አይደለሽም ወይ አሉኝ። እትዬ፣ የሻደዩን ቅጠል ወገቤ ላይ አጥብቀሽ ያሰርሽልኝ ቀን ትዝ ይልሻል? መተንፈስ አቃተኝ ብልሽ፣ ሲያዩሽ ትተነፍሻለሽ አልሽኝ። ሰማኸኝ ከጎረምሶቹ ጋር ቆሞ እያየኝ፣ መዝሙሩ ጠፍቶኝ እጄን ብቻ ሳጨበጭብ ዋልኩ። አይ ጊዜ! ዘንድሮ የልጃገረዶቹ ከበሮ ከቤት ድረስ ሲሰማኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ባሌን በበላው ዓመት ጨፍሪ የሚሉኝ ሴትዮ ጠላቴ መሰሉኝ።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ደብሬ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፊልም አለ ብላ ሁለታችንንም ጎተተችን። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረዋል። እማማ ፊልም አይተው አያውቁምና ሰዎቹ ብቅ ሲሉ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደምን ዋላችሁ አሏቸው። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ታሪኩ የአንድ ሾፌር ሚስት ነው። ባሏ መንገድ ላይ ይሞታል፤ ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሯት ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ። እሷ ገና ፊቷን እየታጠበች ነው። በሩን ሊያንኳኩ ሲሉ እማማ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ሲደነግጡ እንደሚያደርጉት፣ በኽምጣና ጮኹ። ቋንቋውን የማይሰሙት ሳቁ። የሚሰሙት ዘወር ብለው እኔን አዩ። እህል ሳትቀምስ አትንገሯት፣ ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም፣ እያሉ ነበር አንሶላውን የሚለምኑት።

ያ የየማለዳው ብይ ብይ! እኛ አገር መርዶ የሚረዳው በማለዳ መሆኑን እንዴት ዘነጋሁት?

ስንመለስ ክንዴን ይዘው፣ ያቺ ልጅ በልታ ቢሆን ትችለው ነበር አሉኝ። እኔም፣ እርስዎስ በልተው ነበር? አልኳቸው። ቆሙ። እኔም መስማቴ ገባቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እኔማ ከቅዳሴ ስወጣ በባዶ ሆዴ ነው የሰማሁት አሉ። ሰኔ ላይ ነው አሉ። ሽማግሌዎቹን ጡቷ እንዳይነጥፍ፣ ሕፃኗ እህል እስክትጀምር ታገሱኝ ብለው የለመኑት እሳቸው ናቸው። እንደዚያም ሆኖ የሰው አፍ አይታመንምና፣ ድንገት አንዱ ቢመጣ ብለው በየማለዳው ያበሉኝ ነበር።

ሰፈሩም ያውቅ ኖሯል። ደብሬ ማታ ማታ እየመጣች ያን ሁሉ ቀልድ የምታወራው ሥራ ፈትታ አልነበረም። ወፍጮ ቤት ተራ የሚለቁልኝ ልጅ ስላዘልኩ ይመስለኝ ነበር። በስንት ሰው እጅ ላይ ነው የከረምኩት፣ እትዬ! የአንሶላ ላይ ሰዎች ናቸው ያሳዩኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።

ቤት ገብተን አልተላቀስንም፤ መርዶ ሳይረዳ አይለቀስማ። ቆርሼ አጎረስኳቸው። እሳቸውም አጎረሱኝ።

እንግዲህ ልብሴን ከሻንጣው አውጥቻለሁ፤ አልመጣም። አንቺ ነይ። የደሃና ወረዳ ዘመዶቻችንን ሰብስበሽ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር በኅዳር ሚካኤል ማግስት በማለዳ በሩን አንኳኩ። ለሁለታችን አንድ ላይ ይነገረን። እንዳልሰማ ሰው እንጮሃለን። ሰማኸኝ እስከ ዛሬ ጮክ ብሎ ያለቀሰለት የለም።

አምላክ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። መንገዱን ማርያም ትቅደምልሽ። ፀጋ ከትናንት ወዲያ ገንፎ ቀምሳለች።

ታናሽ እህትሽ፣
የእማማ ወለተ ገብርኤል ልጅ