የማዘርቦርዱ ካርቶን

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክልኝ? ጤናህስ? ባለፈው ስትደውል ሳል እያቋረጠህ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብለህ አለፍከው። እውነት ጉንፋን ነበር? ባለቤትህ ወገቧን ተሻላት? የትንሿስ ጥርስ በቀለ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ አባዬም በልኩ ደህና ነው። በልኩ። ይህን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ብዙ አየሁት፤ ሌላ አላገኘሁለትም።

ለአባዬ ኮምፒውተር የላክኸው ፕሮሰሰር ደርሶናል። እማዬ መዳፏ ላይ አስቀምጣ አገላበጠችውና፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣችው ይቺ ብስኩት ናት? አለች። አባዬ በግራ ዓይኑ ሳቀ። አሁን የሚስቀው በእሱ ብቻ ነው።

የሆነውን በስልክ ልነግርህ ነበር። አልቻልኩም። እሱ ዝም ባለበት ቤት ስለ እሱ ጮክ ብሎ ማውራት ከበደኝ። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

አባዬ ሰውነቱና አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ የምትታዘዝለት አንዲት ጣት ብቻ ናት። በእሷ ፊደል ይነካል፣ ኮምፒውተሩ ድምፅ አውጥቶ ያነብለታል። ግን ማሽኑ አርጅቷል። የነካው ፊደል እስኪመጣ እጁ ይዝላል፤ ቃሉ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ፈጣን ፕሮሰሰር ቢገባለት አባዬ ያወራል አልከን። አመንን። እማዬ ምን ብላ እንደምትመልስለት ሁሉ ማሰብ ጀምራ ነበር። ምን ልትለው እንደሆነ ብጠይቃት፣ አንቺ ምን አገባሽ፣ የባልና ሚስት ነው አለችኝ።

ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርድ የትኛውን እንደሚቀበል ሳይጣራ አይገዛም ብለህ ደጋግመህ ነግረኸኝ ነበር። ስሙን አንብበሽ ላኪልኝ አልከኝ። አነበብኩ። ከየት እንዳነበብኩ አልጠየቅኸኝም፤ እኔም የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ከካርቶኑ ነው። አባዬ ማሽኑን ሲገጣጥም ማዘርቦርዱ ከመጣበት፣ እማዬ አሁን የልብስ ቁልፍና ክር ከምታስቀምጥበት። በእኛ ቤት ካርቶን እንደማይጣል ታውቃለህ። ዕቃ ያለ ካርቶኑ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው ይል የነበረው እሱ ራሱ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ እስከ ጣራው ተደርድረዋል። ታዲያ ማሽኑን ፈትቶ አቧራ ውስጥ ማን ይፈልጋል?

ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በስልክ ሳነብልህ አባዬ ጣቱን አነሣ። አልጋውን መታ መታ አደረገ። እማዬ፣ ሸሚዙ ቁልፍ ጎድሎት ነው የሚያሳየን አለች። እውነትም አንድ ጎድሎ ነበር። ከዚያው ካርቶን አውጥታ ተከለችለት። እሱ ግን መምታቱን አላቆመም። እኔ አንተ የምትለው አልሰማ ቢለኝ ስልኩን ይዤ ወደ ሌላው ክፍል ሄድኩ።

በሩን ዘጋሁት።

ጠጋኙ ቀስ በል መጣ። አንተ ስትሄድ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ነው፤ የቸኮለ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ቀስ በል ስለሚል ይኸው ስሙ ሆኖ ቀረ። እማዬ ገና ከበሩ፣ ዛሬ ስምህን እቤት ትተህ በመጣህ አለችው። ማሽኑን አባዬ ፊት ከፈተው። አሮጌውን አወጣ፣ አዲሱን አስቀመጠ። ልክክ አለ። መጠኑ አንድ፣ መቀመጫው አንድ። ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፣ ትንሿ መብራት በራች። ስክሪኑ ጥቁር። ጠበቅን። ቀስ በል ነቀለው፣ ጠረገው፣ መለሰው። ጥቁር። ቀስ በሉ ማለቱን ሲተው ፈራሁ።

በመጨረሻ አቧራውን በጥርስ ብሩሽ ጠርጎ፣ በባትሪ እያበራ ማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ከዚያ ካርቶኑን። ከዚያ እኔን አየኝ። አይገናኙም። ውስጥ ያለው ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው በዕድሜ ይቀድማል። መቀመጫቸው ስለሚመሳሰል ይገባል፣ ግን ቦርዱ እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር መኖሩን አያውቅም። የቦርዱ ፕሮግራም ቢታደስስ አልኩት። ለዚህ ቦርድ ይህን የሚያስተዋውቅ ማደሻ አልተሠራም አለኝ። እንግዳው ገብቶ ተቀምጧል፣ ባለቤቱ ግን ማን እንደሆነ ስላላወቀው አያናግረውም አለኝ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አሮጌው ተመለሰ። ማሽኑ እንደ ልማዱ እየተንፏቀቀ ተነሣ። አባዬ በዓይኑ ኪቦርዱን ጠየቀ። ሰጠነው። ፊደል። ጥበቃ። ፊደል። እማዬ ላቡን ጠረገችለት። ቀስ በል ዕቃውን ሸክፎ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ማሽኑ በዚያ የማንም ባልሆነ ድምፁ ተናገረ። የካርቶኑ ተቃጥሎ በአሮጌ ቀይሬዋለሁ አለ።

ቦርዱ መቀየሩን የሚያውቅ ሰው በዚህ ቤት ነበር፣ ወንድሜ። ከአጠገቤ ነበር።

ሌላ እልካለሁ ትለኝ ይሆናል። ቦርዱም አብሮ ይቀየር ትላለህ። አትላክ። ሐኪሙ ሰሞኑን መጥቶ ጣቱን ዘርግቶ አጥፎ አየና፣ ይቺም እየደከመች ነው አለን። ትናንት ኪቦርዱን ሳስጠጋለት አንዱ ፊደል ላይ ጣቱን አሳረፈ። አልተጫነም። ጣቱ ፊደሉ ላይ እንዳለ ዓይኑን ጨፈነ። አሁን የሚዘገየው ማሽኑ አይደለም። የላክኸውን እማዬ በጨርቅ ጠቅልላ ካርቶኑ ውስጥ ከቁልፎቹ ጋር አስቀምጣዋለች። ልትመልስለት ያሰበችውን አሁንም አልነገረችኝም። እኔም መጠየቅ ትቻለሁ።

አንተ ራስህን አትውቀስ። ሳልህን ግን ታየው።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ከባድ አታንሺ በላት። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አዲሱን ጥርሷን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። እማዬ ዓይኔን ሳልከድን ዓይንህን ልየው ትላለች፣ አንገትህንም በሻርፕ ሸፍን ትላለች። ቀስ በልም ሰላም ብሎሃል፤ እንደ በደለኛ አንገቱን ደፍቶ ነው ያለኝ።

ለወንድሜ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልህ ብዬ አባዬን ጠየቅኩት። አልጋውን መታ መታ አደረገ። ሰላምታ ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ያን ቀንም ቁልፍ ነው ብለን ነበር። አሁን ግን ብዕሬን ይዤ እያየሁት ነው፤ አሁንም እየመታ ነው።

እታለምህ
ከአባዬ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር 23 ቀን