የባሕር ቀንድ አውጣው መርዝና የወንድሜ እጅ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እንቅልፍስ ትንሽ ራራልህ? ባለቤትህ እትዬስ ወገቧ እንዴት ሆነላት? የእማዬ ዓይንስ? ጠብታዋን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ አሁንም ትራስ ሥር ትደብቃለች? ትልቋን ልጅህን ትምህርቱ እንዴት ይዟታል? ያ ቀበጡ ልጅህስ ጫማውን ግራና ቀኝ አዟዙሮ ማድረጉን ተወ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎ አስቸግሮኛል። ይህንን ደብዳቤ እንኳ ጀምሬ ስንቴ እንደቀደድኩት አልነግርህም። ጥቂት እጽፍና እነሳለሁ፤ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ ነፋሱ ሲበዛ እዘጋዋለሁ፤ ደግሞ እቀመጣለሁ።

«መድኃኒቱን ካልላክሽልኝ አትደውዪልኝ» ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋህ ወዲህ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አታነሳም። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም ብዬ ነው ወደናንተ ለሚመጣ ሰው አደራ የሰጠሁት። እባክህ ሳትጨርሰው አታጥፈው።

ቀኝ እጅህን የአናጺ ቤቱ መጋዝ ከወሰደው ወዲህ የምታየውን ስቃይ አልረሳሁትም። የሌለው እጅ ጭብጥ ብሎ፣ ጥፍሮቹ መዳፍህን እየወጉ፣ ልዘርጋው ብትል የምትዘረጋው ጣት አጥተህ እንደምትሰቃይ ነግረኸኛል። ጥርስህን ነክሰህ ስትናገር ድምፅህ የሌላ ሰው ይመስላል። የባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ ሕመም የማደንዘዝ ኃይል አለው ብዬ ያጫወትኩህም እኔው ነኝ። ወሬ ይሁን ብዬ ነበር እንጂ አንተ ተስፋህን ሁሉ እዚያ ላይ ትሰቅላለህ ብዬ አላሰብኩም። አሁን እትዬ እንደነገረችኝ፣ «የእህቴ መድኃኒት እስኪመጣ ሌላ አልነካም» ብለህ የሐኪም ቀጠሮህን ትተኸዋል። ይህንን ከሰማሁ ወዲህ እህል አይወርድልኝም።

የምሠራበት ቤት ከወደቡ ጀርባ ያለ የምርምር ክፍል ነው። በግድግዳው ዙሪያ የመስታወት ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ የአየር ቱቦዎቹ ቀኑን ሙሉ ይንቦቀቦቃሉ፤ ወለሉ ደርቆ አያውቅም። የእኔ ሥራ ውኃውን መቀየር፣ ጨውና ሙቀቱን መለካት፣ እንስሶቹንም መመገብ ነው። ቀንድ አውጣዎቹን ብታያቸው ትወዳቸዋለህ። ቅርፊታቸው ኦቾሎኒ እንደሚጠቀለልበት ወረቀት ጫፉ ሹል ነው፤ ቡናማና ነጭ መረብ የተሳለበት ይመስላል። አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ሲውሉ የዓለም ሰነፍ ትላቸዋለህ። ትንሽ ዓሣ ስትጥልላቸው ግን አንዱ ቀስ ብሎ ቀጭን ቱቦ ይዘረጋል፤ ከቱቦው ጫፍ መርፌ የመሰለች ጥርስ ትወረወራለች፤ ዓሣው ባለበት ድርቅ ይላል። መፈራገጥ እንኳ የለም። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳዬን እንዳለ መለስኩት።

መርዙን የሚያልበው አንድ ባልደረባዬ ነበር። ለዚህ ውኃ ለሚረጭበት ሥራ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ስለሚመጣ «ቀብራራው» እንለዋለን። ብልቃጥ አፍ ላይ ስስ ላስቲክ ወጥሮ የዓሣ ቆዳ ያለብስበታል፤ ቀንድ አውጣው ዓሣ መስሎት ሲወጋው መርዙ ብልቃጡ ውስጥ ይቀራል። «እናቴ ላም ማለብ ሳትችል እኔን ወለደች፤ እኔ ደግሞ ይህንን አልባለሁ» እያለ ያሳስቀናል።

ስልኩን በዘጋህብኝ ማግስት አለቃችንን ዶክተሯን ቢሮዋ ድረስ ገብቼ ለመንኳት። ወንበር ሰጥታኝ እስክጨርስ ሰማችኝ። መርዙ አንድ ነገር ሳይሆን የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው አለችኝ፤ አንዱ ጡንቻ ያስራል፣ አንዱ ትንፋሽ ያቆማል፣ አንዱ ደግሞ ሕመም በነርቭ በኩል የሚያልፍበትን በር ይዘጋል። ይህንን የመጨረሻውን ከሌላው ለይቶ ማውጣት ነው የዕድሜ ልክ ሥራዋ። ከአንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ የተገኘው ተጠንቶ መድኃኒት እንደሆነም ነገረችኝ፤ ነገር ግን የሚዋጥ ክኒን አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ላልረዳቸው ሕመምተኞች፣ በትንሽ ፓምፕ፣ በጀርባ አጥንታቸው በኩል፣ ሐኪም እየተቆጣጠረው የሚሰጥ ነው፤ አእምሮ የሚያዛባበትም ጊዜ አለ። እኛ ዘንድ ያለው ግን በአይጥ ላይ ከመሞከር ገና አላለፈም። አይጦቹ እንዴት ሆኑ ብዬ ጠየቅኋት። «ሕመማቸው የተወላቸው አሉ፤ ያልነቁም አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከጠብታ ያነሰ ነው» አለችኝ። «ለወንድሜ እኮ ነው» አልኳት። «ለወንድምሽ ስለሆነ ነው የማልደብቅሽ» አለችኝ።

አንተ ደግሞ «አንዲት ብልቃጥ ብትጎድል ማን ያያል?» ብለኸኛል። ከቢሮዋ ወጥቼ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ቆምኩ። ብልቃጦቹ እንደ ሕፃን ጥርስ ተሰልፈዋል። ቀብራራው ገብቶ «ምን ተገትረሽ ታስቢያለሽ፣ ዝጊው እንጂ ይሞቃል!» ባይለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ልነግርህ የፈለግኩት። አንድ ጠዋት ቀብራራው አንዱን ቀንድ አውጣ ወደ ሌላ ገንዳ ሲያዛውር መቆንጠጫው አዳለጠው። እንስሳው ሊወድቅ ሲል፣ አንተም እኔም ብርጭቆ እንደምንቀልበው፣ ሳያስብ በመዳፉ ቀለበው። ጓንቱ ላይ የትንኝ ንክሻ የማታህል ነጥብ ታየች። «ወጋኝ መሰለኝ፤ ግን ምንም አላመመኝም» አለና ሳቀ። እኔም ተመስገን ብዬ አብሬው ሳቅኩ። የዶክተሯ ፊት ግን አመድ መሰለ። እንዳትንቀሳቀስ አለችው፤ ክንዱን ከጣቱ እስከ ብብቱ በፋሻ አጥብቄ እንድጠቀልል አዘዘችኝ፤ ራሷ አምቡላንስ ጠራች። ጠቅልዬ ሳልጨርስ «ከንፈሬ ደነዘዘ» አለ። ቀጥሎ «ሁለት ሆነሽ ትታይኛለሽ፤ አንዷስ ትበቃ ነበር» ብሎ ቀለደብኝ። ከዚያ ምላሱ ተሳሰረ፤ የዓይኑ ቆብ ወደቀ፤ ደረቱ ቀስ እያለ መነሳት አቆመ። ዶክተሯ ወለሉ ላይ አስተኝታ አምቡላንሱ እስኪደርስ ትንፋሽ ስትሰጠው እኔ እጁን ይዤ «ሞተ፣ ሞተ» እያልኩ እጮህ ነበር።

ይህ መርዝ ማርከሻ የለውም፤ መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ ማሽን ይተነፍስለታል አሉን ሆስፒታል። ሚስቱ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ጨምድዳ «አሞታል? ተሰቃይቷል?» አለችኝ። ላጽናናት ብዬ «የለም፣ ምንም አላመመውም» አልኳት። እሷ ግን «አለቀለት» ያልኳት መስሏት ያን ጊዜ ነው ይበልጥ ያለቀሰችው።

እግዜር ይመስገን፣ ቀናት ቆይቶ ነቃ። ቱቦው ከጉሮሮው ሲወጣ መጀመሪያ የጠየቀው ሸሚዙ የት እንደገባ ነው፤ በመቀስ ቀደውበት ኖሯል። ሳቅን። ሚስቱ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ግን ወደኔ ዞሮ ድምፁ እየተሰባበረ «ሁሉንም እሰማ ነበር» አለኝ። «ሞተ ስትዪ ሰምቻለሁ። አልሞትኩም ልልሽ ፈልጌ ዓይኔን መክፈት አቃተኝ። ምነው ትንሽ ባመመኝ እያልኩ ነበር፤ ቢያመኝ ኖሮ አለሁ እል ነበር።»

ጋሼ፣ ላኪልኝ ያልከኝ ይህንን ነው። አልልክልህም። ተቆጣ፣ ከፈለግክ ስደበኝም፤ ቁጣህን እችለዋለሁ። ሕመም ደግ ነው ልልህ አይደለም፤ ትራስህን ነክሰህ እንደምታነጋ እትዬ ነግራኛለች። ግን አንተን የሚያክል ሰው በእኔ እጅ ድርቅ ብሎ ከሚቀር በሕይወትህ ጠልተኸኝ ብትኖር ይሻለኛል።

ስለ አንተ ለዶክተሯ ደግሜ አጫወትኳት። በሌለ እጅ መታመም እብደት አይደለም፣ የሚታወቅ ሕመም ነው አለችኝ። ለነርቭ የሚሰጡ ክኒኖች አሉ፤ በመስታወት የሚሠራ ሕክምናም አለ፤ ደህናው እጅ መስታወት ፊት ሲዘረጋና ሲጨበጥ አንጎል የሌለው እጅ የተፈታ እየመሰለው የሚተውለት ሰው አለ። ለሁሉም አይሠራም፤ ለአንተ ይሠራል ብዬም አልምልልህም። እንደ ልማድህ ግን የቁም ሳጥኑን መስታወት ነቅለህ ብቻህን እንዳትጀምር፤ ባለሙያ ያሳይህ። ቀጠሮህን እትዬ ታሳድሰዋለች። አትቆጣት፤ የለመንኳት እኔ ነኝ።

ቀብራራው ድኖ ቤቱ ገብቷል፤ ወደዚያ ክፍል ግን አይመለስም። ዶክተሯ የእሱን ሥራ እንድይዝ ጠየቀችኝ። እሺ አልኩ። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አለብኩ፤ ውኃ የበዛበት ወተት የመሰለች ጠብታ ብልቃጡ ሥር ወረደች። ይህች ጠብታ መድኃኒት እስክትሆን እኔና አንተ እናረጅ ይሆናል። ለሌላ ሰው ወንድም ትደርስ ይሆናል እያልኩ ልቤን ላሳርፈው እሞክራለሁ፤ እሱ ግን አሁንም ይንቆራጠጣል፤ ለአንተ ነበር የፈለግኳት።

እትዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስለ ትዕግሥቷ ዕድሜ ይስጣት። ትልቋን በርቺ በላት። ቀበጡን ጆሮውን ቆንጥጠህ ሳምልኝ። ለእማዬ ስለ መርዙ አንዲትም ቃል እንዳታነሳ፤ «ልጅሽ ዓሣ ነው የምትመግበው» በላት፤ ውሸት አይደለም። ጉልበቷን ስሜያለሁ። አንተንም ሁለቱንም እጆችህን ስሜያለሁ፤ ያለውንም የሌለውንም። ያመኛል ካልክ፣ ያ እጅህ ለእኔ አለ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከወደቡ አጠገብ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን