ቀን የማይታይ እሳት

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ለልጄ፣ ለኔ ቁንጥንጥ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ከወትሮው የባሰ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። ቀኝ እጄን ታውቂዋለሽ፤ ሰሞኑን ብርዱ ግራውንም መቆርጠም ጀምሯል። አሁንም ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ነው ያለሁት። አለቃዬ "እትዬ፣ ቁጭ ብለው ይሥሩ" ብሎ በርጩማ አምጥቶልኛል። የሙሽራ ቀሚስ እሰፋ የነበርኩ ሴት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሰው ካልሲ እቆጥራለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ከአባትሽ ጋር የአሥራ ሁለት ቀን የእግር ጉዞ ልትወጡ ነው፤ ለማብሰያ የአልኮል ምድጃ ሰጥቶሻል። "ከቆርቆሮ የተሠራች፣ መዳፌ ላይ የምትቀመጥ፣ ድምፅ የሌላት" ብለሻታል። አውቃታለሁ። መጨረሻው ላይ ደግሞ "አይዞሽ እማዬ፣ እኔ እንዳንቺ አልቸኩልም" ብለሽ አከልሽበት።

እንደ ቀልድ ነው የጻፍሽው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም።

ልደውልልሽ አስቤ ነበር፤ አባትሽ አጠገብሽ ሆኖ "ምን አለችሽ?" እንዲል አልፈለግኩም። አሥራ አንድ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነገር ነው። አንቺ ያችን ምድጃ ባትይዢ ኖሮ ይዤው እሞት ነበር።

ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ አክስትሽ ጋ ትተንሽ ከአባትሽ ጋር ለእግር ጉዞ ወጣን። በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወንዝ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ምሳ እናበስላለን። ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። የአልኮል ነበልባል ደግሞ በፀሐይ አይታይም። ምሳው ገና ሳይበስል ድስቱ መንተክተኩን ተወ። ድስቱን አነሳሁለት፤ አባትሽ ሊሞላው ጠርሙሱን ያዘ።

"ትንሽ ቆይ፣ ይብረድ" አልኩት።

"ጠፍቷል እኮ፣ አይታይሽም?" አለና አፈሰሰ።

አልጠፋም ነበር። እሳቱ በሚፈሰው አልኮል ወጥቶ ጠርሙሱ ውስጥ ገባ። ጠርሙሱ የተፋው ሁሉ ድስቱን በያዘው እጄ ላይ አረፈ። እሱ ወደ ኋላ ዘለለ። እኔ ነበልባሉን እንኳ አላየሁትም፤ ቆዳዬ ሲጨማደድ ነው ያየሁት።

አንድ ቀን ተኩል ተጉዘን ጤና ጣቢያ ደረስን። ነርሷ "ማነው ያፈሰሰው?" ብላ ጠየቀች። አባትሽ ጫማውን ማየት ጀመረ። ያኔ ሥራው ተማሪዎችን ይዞ ተራራ መውጣት ነበር፤ ይህ ቢሰማ ልጁን የሚሰጠው የለም። እጄ ከእንግዲህ እንደማይሰፋ ደግሞ ገብቶኛል። ቤታችን በእሱ ሥራ ብቻ ሊቆም ነው።

"እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ" አልኩ።

ውሸቱ የኔ ነው። እሱ ተጠለለበት። መጀመሪያ ሰሞን ቁስሌን ሲያጥብልኝ ያለቅስ ነበር። ቆየና በዘመድ ፊት "መቸኮል አመሏ ነው" ማለት ለመደ። ለሰው ብሎ ነው ብዬ ቻልኩት። አንድ ጠዋት ግን፣ አንቺ ትምህርት ቤት ሄደሽ፣ ሁለታችን ብቻ ቁጭ ብለን ሳለ "ያን ቀን ባትቸኩይ ኖሮ" አለኝ። ፊቱን አየሁት። አምኖበታል።

ሻንጣዬን ያወረድኩት ያን ዕለት ነው። ይዤሽ ልውጣ ብል በአንድ እጅ ምን ሠርቼ ላሳድግሽ? "እናትሽ አኩርፋ ሄደች" እንዳሉሽ አውቃለሁ።

አባትሽን ጥይው አልልሽም። ውደጂው ለማለት ደግሞ ዛሬ እጄ አልታዘዘልኝም።

ይልቅ ይህን ስሚኝ። ምድጃው ጨርሶ ሳይበርድ አልኮል አትጨምሪበት። በዓይንሽ አትተማመኚ፤ መዳፍሽን ከበላዩ ራቅ አድርገሽ ሙቀቱን ፈትሺ። ድንኳን ውስጥ አታቀጣጥዪው። የአልኮሉ ጠርሙስ ከውሃው ጠርሙስ ጋር አይመሳሰል። እሳቱ ካመለጠሽ ድስት ድፊበት።

የአልኮሉንም ጠርሙስ አንቺ ያዢው። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ከአንቺ ሻንጣ አይውጣ። ለምን ብሎ ከጠየቀሽ "እናቴ ብላኛለች" በይው። ሁለተኛ አይጠይቅሽም።

እግርሽን እንቅፋት አያግኘው። እንደወጣሽ ሙሉ አካልሽን ይዘሽ ተመለሺልኝ።

እናትሽ