ማንን ጥሎ?

መስከረም 8 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ወረታ፣ አመሻሽ

ቁስል ማጠብ፣ ጨርቅ መቀቀል፣ የወባ ክኒን ማደል። ውሃው ከፎገራ ሜዳ መጉደል ጀምሯል፤ ትንኙ ግን ብሶበታል። ኃላፊው ለሥራ ደብረ ታቦር ወጥቷል፤ ክሊኒኩ በእኔ በድሬሰሩ ላይ ወድቋል። ከሰዓት እንደ ልማዴ ልብስ ሰፊው ሁሴን ሱቅ። ይርጋ ከቁሐር ሚካኤል መጥቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ደግሞ ያው ክርክር።

ጎንደር ስማር መምህራችን የሰጠኝን የቦክስ መጽሔት ታውቀዋለህ፣ ደብተሬ። ሽፋኑ ካለቀ ቆየ። እኔ እያነበብሁ አማርኛውን እነግረዋለሁ፣ እሱ ሥዕሉን ያያል። የይርጋ ጀግና አንድም ቀን ሳይሸነፍ ጓንቱን የሰቀለው ከባድ ሚዛን ነው። አልተሸነፈም፣ በቃ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ ይለኛል። እኔ ደግሞ፦ ማንን ጥሎ? ከጣላቸው መሀል ስም ያላቸው እኮ እግራቸው የከዳቸው፣ ከጡረታ ተጠርተው የመጡ ናቸው። የእኔው ሰውዬ ደጋግሞ ወድቋል። ግን በዘመኑ ብርቱ ከተባለ ያልገጠመው የለም። በእንዲህ ያለ ሰው እጅ መውደቅ ሽማግሌ ከመጣል ይበልጣል አልሁት። ተናደደ። ሁሴን መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ለሁለታችንም ራሱን ይነቀንቃል፤ ደንበኛ ማጣት አይወድም።

መስከረም 11

ዛሬ ስዘለው የኖርሁትን ገጽ አነበብሁለት። ባይነበብ ይሻል ነበር።

የድሮ ነጭ ሻምፒዮን ነው። ቀበቶውን ይዞ፣ ከጥቁር ጋር አልገጥምም ብሎ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ ማዶ ያሉት ከሱ ይበልጡ ይሆናል፤ አይበልጡም ይሆናል። ማን ይወቅ? አልተሞከረማ። አሸናፊ ተብሎ ኖሮ አሸናፊ ተብሎ ሞተ። ሳነበው ቀና ብዬ ይርጋን ማየት አፈርሁ።

ይርጋ ገባው። አባቴ ቀጥቃጭ መሆኑን የማያውቅ የለም። ከቁሐር እስከ ይፋግ በአባቴ ማረሻ ያላረሰ ገበሬ አይገኝም፣ ከቤታችን እህል የቀመሰም አይገኝም። በመስቀል ሰሞን ጎረምሳ ሁሉ ሜዳ ወርዶ ሲታገል ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር የሚያያዝ የለም። ቢጥለኝ ክብር የለው። ቢወድቅ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ነው የጣለው ይባላል። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዳር ነኝ።

ይርጋ የሜዳው አንደኛ ነው፤ ሁሉንም ጥሏል። አጎንብሶ ሥዕሉን አየ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳ፤ ለካ ያ ባለቀበቶ እኔ ነኝ አለ። በመስቀል ማግሥት እንያያዛለን አለ። አይሆንም፣ ለአንተም አይበጅህ አልሁት። መጽሔቱን ከእጄ ነጥቆ፣ አጥፎ፣ ኪሴ ውስጥ ከትቶልኝ ሄደ።

መስከረም 18

ጣልሁት!

ጭቃዬን ሳልታጠብ ነው የምጽፈው። ሜዳው ገና ጭቃ ነው። መጀመሪያ አንበረከከኝ። ተነሣሁ። ወገቤን ሊይዝ ሲገባ ክንዱን ጎትቼ በዳሌዬ አሳለፍሁት፤ ጀርባው መሬት ነካ። ንጹሕ አጣጣል ነው ደብተሬ፣ እንከን የሌለው። እልል ያለ የለም። አንዲት ሴት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ይርጋ ግን ጭቃውን ሳይጠርግ ተነሥቶ እጄን ወደ ላይ አነሣውና ለሰዉ ሁሉ ጮኸ፦ "ጣለኝ! ታከለ ጣለኝ!" እየዞረ ሦስት አራቴ አለው። እናቱ እመት ዘርፌ መጥታ ክንዱን ይዛ ወሰደችው። እኔን አላየችኝም።

ይሁን። ዛሬ አንድ ሰው ማንን ጥለህ ቢለኝ የምጠራው ስም አለኝ። አባቴ ወናፉን እየነፋ ሰማኝና ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ተጎዳ ወይ አለኝ። አልተጎዳም አልሁት። አንተስ አለኝ። ሳቅሁ። ዛሬ ስቄአለሁ፣ መዝግብልኝ።

መስከረም 24

ይርጋ ሱቅ መምጣት ካቆመ ሰነበተ። ሁሴን አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል። ወባ ነው። ሳላየው አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ የማየው ነው። ክኒን ይዤ በጭቃው ሮጥሁ።

አጎቶቹ ዱላ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ድሬሰር ነኝ፣ መድኃኒት ነው፣ ውጬ ላሳያችሁ አልሁ። ከውስጥ ሲያቃስት ይሰማኛል። እመት ዘርፌ ወጣች። "ልጄን ተውልኝ፣ ታከለ! እስካሁን የበላኸው አልበቃህም?" አለች። አልተቆጣችም፤ ትለምነኝ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። እሷ እኮ ባለፈው ዓመት እግሯን ሚስማር ሲወጋት እኔው ነኝ ያከምኋት።

ክኒኑን እንደያዝሁ ተመለስሁ።

መስከረም 26

ኃላፊው ገና አልተመለሰም፤ ክኒኑን በሁሴን እጅ ላክሁ። ከክሊኒክ ነው በል አልሁት። ደረሰ፣ ሰጣት። ከማን እጅ ነው አለችው። ሁሴን መዋሸት አይችልበትም። እሳት ውስጥ ጨመረችው።

ሁሴን አይቶ መጣ፤ ደብተራ አምጥተው ያጥኑታል። ስምህን የተጋራ ሰው ነው እያጠነ የሚገድለው፣ ደብተሬ። ጭሱ ውስጥ አስቀምጠው ማነው የበላህ፣ ተናገር፣ ለፍልፍ ይሉታል። እሱም በትኩሳቱ ለፈለፈ። ምን አለ? "ጣለኝ፣ ታከለ ጣለኝ፣ ደግሞ ይምጣ" አለ።

አየህ? ያችኑ ቃል! ሜዳ ላይ እጄን አንሥቶ የጮኸላትን። ወዳጄ ትግሉ ላይ ነው ያለው፣ ግጥሚያ ይድገምልኝ ነው የሚለው። እነሱ ግን በሽታ ጣለው እንደሚባለው ሰሙት። ከታማሚው አፍ ስሜ ወጣ፣ አለቀ። ክብሬን የመሰከረልኝ ቃል ነው የከሰሰኝ። ራሴን በግድግዳ ባጋጨው ደስ ይለኛል።

ከመስመሩ ማዶ ስለነበሩት ቦክሰኞች ሳስብ ዋልሁ። በመጨረሻ አንዱ ገብቶ ሲያሸንፍ ጠሉት፣ ሰደቡት፣ ግን በጡጫው አሸነፈ ተብሎ ተጻፈለት። እኔ ይኸው እንኳ የለኝም። ብወድቅ ቀጥቃጭ። ብጥል ቡዳ።

መስከረም 28

ከቁሐር ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ መጡ። ቤት አልገቡም፣ ዛፍ ሥር ቆመው ተናገሩ። ልጅህ ይምጣ፣ የበላውን እንትፍ ይበልበት፣ ይልቀቀው። ከለቀቀው የሚነካው የለም፣ ዋስ ነን። እንቢ ካለና ይርጋ ከሞተ ግን ጎረምሶቹን መያዝ አንችልም። አባቴ እሺም እንቢም ሳይል ሸኛቸው።

ከሄዱ በኋላ መዶሻውን አስቀመጠ። "እነሱ ሲሉን ኖረዋል፣ ልጄ" አለ። "እኛ ግን አንድም ቀን በአፋችን አዎ ብለን አናውቅም። አያትህም አላሉ። እኔም አላልሁ።"

ይህን ብሎ ፊቱን አዞረ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ዛሬም አላየሁም፣ ጀርባውን ነው ያየሁት።

ብተፋ እህቴን የሚያገባት የለም። ሰው ክሊኒክ መጥቶ እጄን አይነካም። ያ ንጹሕ አጣጣል ደግሞ ይሰረዛል፤ አዎ፣ በዓይኔ ነው የጣልሁት ማለቴ ነው። በሕይወቴ ያለኝ አንድ ግጥሚያ፣ አንድ። ባልተፋ በሩን አይከፍቱልኝም፣ ይርጋ ይሞታል። ሁሴን ዛሬ አይቶት መጣ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሰው አይለይም።

እግዚአብሔር ሆይ፣ ምን አደረግሁህ?

መስከረም 29፣ ጧት

ክኒኑን ፈጭቼ በማር ለወስሁት። ምሬቱን አይደብቀውም፣ ግን ሌላ መልክ አለው። እንትፍ እልበታለሁ። ከዚያ ይህ ማርከሻው ነው፣ ካልቀመሰ አይለቀውም፣ ነገም ከነገ ወዲያም ራሴ መጥቼ ላቀምሰው ይገባል እላለሁ። ያምኑኛል። ከድሬሰሩ እጅ ወደ እሳት የገባው ከቡዳው እጅ ይዋጣል። ካሳቀህ ሳቅ።

ወናፉ ዛሬ ዝም ብሏል። አባቴ ተነሥቶ የራሱን አዲሱን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ሁሴን ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል።

መጽሔቱን ካንተ ጋር ሳጥን ውስጥ አኖረዋለሁ። ከእንግዲህ ማንን ጥለህ ለሚለኝ መልስ የለኝም። ይርጋ ከተነሣ ግን አንድ ሰው ያውቃል፤ ጀርባው ያውቃል። ወደፊት እንደ ልማዱ የሁሴን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅብኛል፣ እንድገመው ይለኛል። እሱ ካወቀ ይበቃኛል። ካልተነሣ ግን… ሁሴን እየጠራኝ ነው፣ ልሂድ።